ከጽዋው ሥር

ሐሙስ ማታ ነበር፤ አሪታ ላይ ዝናብ፣
ይንጠባጠብ ነበር በድሮ እቶን ጡብ
በታነጸው አጥር።
እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ፣ አምስት ወንበር ደርድሬ፣
ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳቸው፣ ካርዱን በእርሳስ አሥምሬ።
«የአንባቢ አስተያየት» ይላል ራስጌው፤ ከአምስት ስንት እንደሰጡ
ለሚቀጥለው ተዋሽ መንገር ነው። ደግሞ ዘግይተው መጡ።

መጽሐፉ ጥቁር ነው፤ ልባሱም ታሪኩም፤
ስድስት መቶ ገጽ፣ አንድ ፀሐይ የለውም።
በባሕር መካከል አንድ አምባ አለ፣ በሩ በውጭ የተቀረቀረ፤
ጭቃ ላይ እፍ ሲሉ ነፍስ የሚዘሩ ጠይቦች፣
እግራቸው ከመንኮራኩሩ ጋር የታሰረ።
አንድ ጽዋ አንድ ዓመት ይበላል፣ ከሠሪው ዕድሜ ተቆርሶ፤
ጌታው ሲጠጣበት ይለመልማል፣ ሽበቱን ለሠሪው አውርሶ።
እጃቸውን ወደደ፣ ዓይናቸውን ፈራ፤
ራት የሚሰጣቸው በገል ነበር፣ ያውም በተራ።

ጡረተኛው ፖስተኛ ሱኔኪቺ መነጽሩን አወለቀ፦
«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አቃተኝ፤ አንጀቴ አለቀ።
ጅራፍ፣ ደግሞ ጅራፍ። በየምዕራፉ ጅራፍ።
ሰው እንዴት ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል፣ ሲተኛ የሚያቃዥ መጽሐፍ?»

ሚሃኔ ግን፣ ከኮሌጅ በባቡር የመጣች፣
«እኔ ሁለቴ አነበብኩት» አለች።
«ጣቢያዬን አልፌ እያለቀስኩ ሄድኩ። ያ የጌታው ልጅ፣
ሌሊት መጥቶ ቁስሏን የሚያጥበው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ!
ቢጋቡ ምናለበት?»
«ቁልፉ በኪሱ እያለ?» አለች ካኦሩኮ፣ የሸክላ ቅብ አስተማሪዋ።
«ይልቅ እኔን ያናደደኝ፣ ደራሲው ጭቃ ነክቶ አያውቅም። አስማት ነው አትበሉኝ፤
በእርጥቡ እቶን ከተተው፤ በፈነዳ ነበር! እዚህ ላይ አታስቁኝ፤
አስማትም ቢሆን መድረቅ አለበት።»

ሱጊሞሪ፣ የባንክ ሰው፣ ጽዋውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ፦
«እስቲ በሌላ ዓይን እንየው፤ ጌታው ባይኖርስ፣ ያ ጥበብ የት ተገኝቶ?
አብልቷል፣ አልብሷል፣ ጣሪያ ሰጥቷል፤ ዋጋቸውን ያወቀ እሱ ነው፤
በየመንደራቸው ቢቀሩ፣ ማን ነበር ስማቸውን የሚያነሣው?»

ዝናቡ ብቻ ተናገረ።

ከመስኮቱ ሥር ሃራታኪ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሰ፣
መጽሐፉን ገለጠ፤ ጠርዙ በነጭ ጭቃ የተለወሰ።
አሥራ አራት ትውልድ ሸክላ ሠሪ ነው፤ የመጀመሪያውን አባት
በጦርነት ዘመን ከኮሪያ ማርከው፣ በመርከብ ነው ያመጡት።
ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ በዓመት አንድ ቀን ይነገራል፣
ንግግር አለ፣ አበባ አለ፤ ከዚያ ምሳ ይበላል።

«ገጽ አራት መቶ ሰባ» አለ፣ «እዚህ ጋ ልጅቱ በምስማር
ስሟን ከጽዋው ሥር ትጭራለች፣ የጌታው ከንፈር ከማይደርስበት ዳር።
ሌላው ምዕራፍ፣ እንደ ካኦሩኮ፣ ለእኔም እርጥብ ሸክላ ነው።
ይህ ገጽ ግን…» ዝም አለ። ጭቃውን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው።
«በቤተ መቅደሱ መዝገብ ላይ የዚያ ሰው ሚስት አለች፤
‹ከባሕር ማዶ የመጣችው› ይላል። በቃ። እንዲህ ተብላ ሞተች።
ሳህኗ ዛሬም በመስታወት ውስጥ አለ፤ የተጻፈበት የመስፍኑ ስም።
ገልብጬ ልየው ብዬ ለምኜ ነበር። አይነካም አሉኝ፤ አልነካሁትም።»

ከዚያ ሻዩን ጨልጦ፣ የያዘውን ጽዋ ገለበጠው።
ካኦሩኮም። ሚሃኔም። ፖስተኛው መነጽሩን መልሶ አጠለቀው።
ሱጊሞሪ ሳያስብ ገለበጠ፤ ሙሉ ነበር፤ ሱሪው ራሰ፤
ሚሃኔ ሳቀች፣ ፎጣ ተፈለገ፣ ጸጥታው ፈረሰ።
እኔም የእኔን አየሁ። አሪታ ተቀምጬ ከሱፐርማርኬት የገዛሁት፣ በሰማያዊ ማኅተም
የፋብሪካ ቁጥር አለበት፤ ሌላ ምንም የለውም።

ሲሄዱ ካርዱን ሞላሁ፦ ሱኔኪቺ አንድ፣ ሚሃኔ አምስት፣ ካኦሩኮ ሁለት ተኩል፤
ሱጊሞሪ «ላስብበት» ብሏል።
ሃራታኪ ቁጥር አልሰጠም። በእሱ መስመር ላይ እርሳሴን ይዤ ቆየሁ፤
«ገጽ 470» ብዬ ጻፍኩና፣ ያነሰም የበዛም መስሎኝ ደግሜ አየሁ።
መጽሐፉን ልመልስ ስል፣ ጠርዙ ላይ ያ ነጭ ጭቃ አለ።
ልጠርገው ጨርቅ አነሣሁ፤
ተውኩት፤ ለሚቀጥለው ተዋሽ፣ እዚያው እንዳለ።